በኤአይ ያስዋብኩት አፓርትመንት ለምን አልሸጥ አለኝ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ 4ኛ ፎቅ ላይ ባለ 2 መኝታ አፓርትመንት አለኝ። ተከራዮቹ ከወጡ ወዲህ ባዶ ስለሆነ ልሸጠው ወሰንኩ። ወንድሜ በስልኩ 14 ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። እኔ እዚህ ሆኜ በአንድ የኤአይ አፕ ሶፋ፣ አልጋ፣ ምንጣፍና መጋረጃ አስገባሁበት። በዚያው የኮሪደሩ ኮርኒስ ላይ የነበረውን የውሃ እድፍ አጠፋሁት። በሳሎኑ መስኮት የሚታየውን ጅምር ሕንፃም በዛፍ ቀየርኩት። ፎቶዎቹ በጣም አማሩ። ቴሌግራም ላይ ከወጣ 3 ሳምንት ሆኖታል። ስልክ ይደወላል። 5 ሰው ሄዶ አይቶታል። ተመልሶ የደወለ ግን የለም። ደላላው ዋጋ ቀንሺ ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ ዕቃ ተከራይተን እናስገባ ይላል። ስቴጅ የተደረገ፣ ማለትም ለሽያጭ በዕቃ የተዋበ ቤት 20 ከመቶ ጨምሮ ይሸጣል ሲባል ሰምቻለሁ። እዚህ አሜሪካም ሁሉም ያደርገዋል። ምን ተሳስቼ ነው?»

ምላሽ፦ ዋጋ አይቀንሱ። ዕቃም አይከራዩ። ማስታወቂያውን ግን ዛሬውኑ ያስወርዱት።

ስልክ የማይደወል ቢሆን ኖሮ ዋጋውን፣ ሰፈሩን ወይም የፎቶውን ጥራት እጠረጥር ነበር። ስልክ እየተደወለ ሰው ሄዶ የማያይ ቢሆን ደግሞ በስልክ የሚሰጠው መልስ ላይ ችግር አለ እል ነበር፤ ብዙ ጊዜ የካርታ ወይም የክፍያ ጉዳይ ነው። እርስዎ ጋ ግን ሰው ይደውላል፣ ይሄዳል፣ ያያል፣ ከዚያ ይጠፋል። ፎቶው የጠራውን ሰው ቤቱ ማስቀረት አልቻለም።

አምስቱም ሰዎች ከቤታቸው የወጡት በመስኮቱ ዛፍ የሚታይበት፣ ኮርኒሱ ንጹሕ የሆነ ቤት አስበው ነው። በሩ ሲከፈት ባዶ ክፍል፣ ቡናማ እድፍ፣ ከመስኮቱ ማዶ ደግሞ ብረትና ብሎኬት ጠበቃቸው። ቤትዎ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ያንን ፎቶ ባያዩ ኖሮ ምናልባት ይወዱት ነበር። ሰው እድፉን ሲያይ ግን የሚያስበው ስለ እድፉ ብቻ አይደለም። «ይሄን ከደበቁ ሌላስ ምን ደብቀዋል?» ይላል። ከዚያ ቧንቧውንም፣ ካርታውንም፣ በር የከፈተለትን ወንድምዎንም መጠርጠር ይጀምራል። ሻጩ ውጭ አገር ነው ሲባል ገዢ መጀመሪያውኑ ፈራ ተባ እያለ ነው የሚመጣው።

ይህን ያወቅሁት በራሴ ስህተት ነው። ለአንድ ደንበኛ የሳሎን ፎቶ ሳስተካክል፣ ከመስኮቱ አጠገብ ከግድግዳው ወጣ ያለ ኮለን (ምሰሶ) ነበር። ሶፋው አላስቀምጥ ሲለኝ አጠፋሁት። ገዢዋ ጀርመን ነበረች፤ ቤቱን ሊያዩላት አክስቷ መጡ። ስልካቸውን ይዘው ሳሎኑ መሃል ቆሙ። ፎቶውን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ መልሰው ፎቶውን አዩ። ከዚያ ኮለኑን በእጃቸው ነክተው «ይሄ እዚህ ላይ የለም» አሉ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። የቀሩትን ክፍሎች ያዩት ለይሉኝታ ነበር። ኮለኑ ቢታይ ኖሮ ማንም ቅር አይለውም፤ በየሕንፃው ያለ ነገር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳ የሚባል ነገር ነክቼ አላውቅም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። ከእድፉና ከዛፉ ውጭ «ዕቃ ብቻ ነው ያስገባሁት» ብለው እንደሚያስቡ እገምታለሁ። አብዛኞቹ የኤአይ አፖች የሚሠሩት ግን እንደዚያ አይደለም። ፎቶዎን አይተው ምስሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ አዲስ ይሥሉታል። ሶፋውን ሲሥሉ ከጀርባው ያለውን ግድግዳም ይሥሉታል። ስለዚህ እርስዎ ሳያዝዙ ሶኬት ይጠፋል፣ መስኮት ይሰፋል፣ በር ወደ ጎን ይሄዳል፣ ሴራሚኩ ወደ ፓርኬት ይለወጣል። ሁለቱን ፎቶዎች ስልክዎ ላይ አከታትለው ከፍተው ወዲያና ወዲህ ያገላብጧቸው። ሶኬቶቹን፣ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን፣ በሮቹን፣ የመስኮቱን ፍሬም ይቁጠሩ። አንዱ እንኳ ቦታውን ከለቀቀ ያ ፎቶ ይጣል።

የዕቃው መጠንም ሌላ ችግር ነው። አፑ የክፍሉን ስፋት በሜትር አያውቅም። ስለዚህ ዕቃውን እንዲያምር ብሎ ያሳንሰዋል። ይህን ለመያዝ የወለሉን ሴራሚክ ይጠቀሙ። ወንድምዎ አንዱን ሴራሚክ በሜትር ይለካ። 60 በ60 ሴንቲሜትር ነው እንበል። ባለ 3 ሰው ሶፋ ወደ 2 ሜትር ከ10 ይሆናል፤ ፎቶው ላይ ሦስት ተኩል ሴራሚክ መሸፈን አለበት። የእርስዎ ሶፋ ሁለት ሴራሚክ ላይ ካለቀ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20 ነው ማለት ነው። እንደዚህ ያለ ባለ 3 ሰው ሶፋ የትም አይሸጥም። ገዢው ቁጥሩን አያሰላም፤ ክፍሉ ውስጥ ሲቆም ግን «ጠበበኝ» ይላል።

መኝታ ቤት ላይ ይብሳል። ክፍሉ 2 ሜትር ከ70 ስፋት አለው እንበል። 1.80 አልጋ ገባበት። በጎኑ 60 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ቁም ሳጥን ቆመ። የቀረው 30 ሴንቲሜትር ነው፤ ሰው አያልፍበትም። አፑ ግን ሁለቱንም አስገብቶ በመሃላቸው ኮሞዲኖና የአበባ ማስቀመጫ ይጨምርልዎታል። ክፍሉ የሚችለው 1.50 አልጋ ከሆነ 1.50 አልጋ ይግባበት። ገዢው ሲመጣ ያሰበውን ቦታ ያገኘዋል።

ምን ይፈቀዳል፣ ምን አይፈቀድም ለሚለው እኔ የምሠራበት መለያ አጭር ነው። ከቤቱ ሲወጡ ይዘውት የሚሄዱትን ነገር ፎቶው ላይ ማስገባት ይችላሉ፦ ሶፋ፣ አልጋ፣ ምንጣፍ፣ መብራት፣ ሥዕል። ጥለውት የሚሄዱትን አይንኩ፦ ግድግዳ፣ ወለል፣ ኮርኒስ፣ መስኮት፣ የኪችን ካቢኔት፣ ስንጥቅ፣ እድፍ፣ እይታ። ፎቶውን ማብራት፣ የተንጋደደውን ማቃናት፣ ቢጫ የመሰለውን ነጭ ወደ ነጭነቱ መመለስ ችግር የለውም። እነዚህ ዓይን የሚያየውን ካሜራው እንዲያሳይ ያደርጋሉ እንጂ ቤቱን አይለውጡም።

«አሜሪካ ሁሉም ያደርገዋል» ያሉት እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ቀርቷል። እዚያ ሲደረግ ይነገራል። የሪልተሮች፣ ማለትም የቤት ሽያጭ ወኪሎች፣ ብሔራዊ ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ በ12ኛው አንቀጹ ማስታወቂያ እውነተኛውን ነገር እንዲያሳይ ያስገድዳል። ወኪሎች ቤት የሚለጥፉባቸው የኤም ኤል ኤስ መዝገቦችም በአብዛኛው ዕቃው በኮምፒውተር የገባ መሆኑ እንዲጻፍ ይጠይቃሉ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ጉዳዩን ሕግ አድርጋዋለች። ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ኤቢ 723 የተባለው ሕግ የሪል እስቴት ወኪል በኮምፒውተር የለወጠውን ፎቶ ሲያወጣ መለወጡን በግልጽ እንዲጽፍ፣ ያልተነካውን ፎቶም ገዢው እንዲያየው እንዲያደርግ ያዛል። ብርሃንና ቀለም ማስተካከልን፣ ማቃናትንና መቁረጥን ግን አይነካም። እርስዎ ዛፉን የተከሉበት መንገድ ቨርጂኒያም ቢሆን ወኪልዎን ጣጣ ውስጥ የሚያስገባ ነው።

እኛ አገር ስለ ኤአይ ፎቶ በተለይ የሚደነግግ ሕግ ባይጠቀስም ማታለል ማታለል ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1704ኛው አንቀጽ አንዱ ወገን በተንኮል ተታሎ የገባበት ውል፣ ባይታለል የማይዋዋል ከነበረ፣ ሊፈርስ እንደሚችል ይናገራል። ዱባይ ወይም ሚኒሶታ ሆኖ ፎቶ ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ነገ እድፉን ቢያገኘው የሚይዘው ይህንን ነው። ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ በውክልና፣ በሁለት አገር መሃል የሚደረግ ክርክር ማንንም አይጠቅምም።

ስለ 20 ከመቶው ልንገርዎት። ይህን ቁጥር የሚያሰራጩት ብዙ ጊዜ አገልግሎቱን የሚሸጡት ናቸው። የሪልተሮች ማኅበሩ በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው የስቴጂንግ ጥናት ከገዢ ወኪሎች 83 ከመቶው ቤቱ መዋቡ ገዢው ራሱን እዚያ ቤት ውስጥ እንዲያስብ እንደረዳው ተናግረዋል። የቀረበው ዋጋ ከ1 እስከ 10 ከመቶ ጨመረ ያሉት ወኪሎች ግን 29 ከመቶ ናቸው። ይህም የወኪሎች አስተያየት ነው፤ ስለ አሜሪካ ነው፤ በእውነተኛ ዕቃ የተዋበ ቤትንም ይጨምራል። አያት ላለ አፓርትመንት ዋጋ መገመቻ አድርገው አይውሰዱት። ዲጂታል ማስዋብ የሚሰጥዎት አንድ ነገር ነው፦ ባዶ ክፍል አይቶ ምን እንደሚሆን ለማይታየው ሰው ያሳየዋል። ያ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ግን ከዚያ አያልፍም።

ዕቃ መከራየቱንም የተቃወምኩት ለዚህ ነው። 4ኛ ፎቅ ድረስ ሶፋና አልጋ ማስወጣት፣ በየወሩ ኪራይ መክፈል፣ ዕቃውን የሚጠብቅ ሰው ማቆም፣ ከዚያ ሲወርድ የተፋቀውን ግድግዳ እንደገና ማስቀባት አለ። ቤቱ ወር ወይም ሁለት ወር ቢቆይ ወጪው መጠኑን አያውቅም። ዋጋው በጣም ከፍ ያለ ቪላ ቢሆንና ገዢው ሁሉ በአካል የሚመጣ ቢሆን የተለየ ነገር እል ነበር። ለእርስዎ ቤት አያዋጣም።

ያንን ገንዘብ መጀመሪያ ኮርኒሱ ላይ ያውሉት። እድፉ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ቀለም አይቀቡበት። አፓርትመንት ላይ እንዲህ ያለ እድፍ ብዙ ጊዜ ከላይኛው ቤት መታጠቢያ ቤት የሚወርድ ነው። ወንድምዎ 5ኛ ፎቅ ወጥቶ ያንኳኳ፤ ቧንቧ ሠሪ ይዞ ቢሄድ ይሻላል። ፍሳሹ ቆሞ ቦታው ከደረቀ በኋላ መጀመሪያ በዘይት ቀለም ይሸፈን፣ ከዚያ ላይ የውሃ ቀለም ይቀባ። በቀጥታ የውሃ ቀለም ከተቀባበት እድፉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ይወጣል፤ ምናልባትም ገዢው ሊያይ በመጣበት ቀን። የጥገናውን ደረሰኝ ያስቀምጡ። «እዚህ ጋ ውሃ ነበር፤ ከላይ ነው የመጣው፤ ተሠርቷል፤ ይኸው» የሚል ሻጭ የሚታመን ሻጭ ነው።

ጅምር ሕንፃውን በተመለከተ ምንም ማድረግ አይችሉም። ስለዚህ ያሳዩት። ስንት ፎቅ እንደሚሆን፣ ምን ያህል እንደሚርቅ ወንድምዎ ሳይቱ ላይ ጠይቆ ይወቅ። ገዢ እይታውን ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፤ ብርሃኑን ይጋርዳል ወይ፣ ጫጫታው መቼ ያልቃል ይላል። መልሱ ተዘጋጅቶ ከጠበቀው ብዙ ሰው ያልፈዋል። የማያልፈውም ሰው ቢሆን ሳይመጣ ቢቀር ይሻላል፤ የወንድምዎንም ጊዜ ይቆጥባል።

ከዚያ ፎቶው እንደ አዲስ ይነሳ። ይህ ክፍል ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል፤ ኤአይ ያስተካክለዋል ይላል። የተጨለመ፣ የተንጋደደ ፎቶ ሶፋ ቢገባበትም የተንጋደደ ሶፋ ነው የሚሆነው። ወንድምዎ ስልኩን በአግድም ይያዝ፣ ከደረቱ ትይዩ፣ ከወለሉ 1 ሜትር ከ30 ገደማ። ከበሩ ወይም ከክፍሉ ማዕዘን ይቁም። 0.5 የሚለውን ሰፊ ሌንስ አይጠቀም። ሳሎኑን አዳራሽ ያስመስለዋል፤ ዳር ያለውን ነገር ሁሉ ይለጥጠዋል። 1 ኤክስ ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ይሽሽ። የግድግዳው ማዕዘኖች ፎቶው ላይ ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የገባችበት ክፍል ግማሹ ይነድዳል፣ ግማሹ ይጠቁራል። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ይነሳ፤ ወደ ምዕራብ ከሆነ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ። ቀለል ያለ ደመና ያለበት ቀን ለቤት ፎቶ በጣም ጥሩ ነው። አምፖሎቹን ያያቸው፤ አንዱ ነጭ አንዱ ቢጫ ከሆነ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ። መስታወቱ ይወልወል፣ ወለሉ ይታጠብ፣ ከበሩ ጀርባ የቀረው ባልዲ ይውጣ። በእጅ ሊነሳ የሚችል ነገር በኮምፒውተር አይጥፋ።

ፎቶዎቹን ሲልክልዎት እንደ ፋይል ይላካቸው። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ያሳንሰዋል፤ ዲዛይነርም ሆነ አፕ የሚሠራበት ዝርዝር ይጠፋል። ነገር ግን እንደ ፋይል የሚሄድ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ መረጃ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ከማንሳቱ በፊት የካሜራውን ሎኬሽን ያጥፋው። ካርታውን ደግሞ በምንም ምክንያት ቻናል ላይ አትለጥፉት። ጠንከር ያለ ገዢ ሲመጣ በአካል ያየዋል።

በዲጂታል የሚዋበው 3 ፎቶ ብቻ ይሁን። ሳሎኑ፣ ዋናው መኝታ፣ ሦስተኛው ደግሞ ገዢውን ግር የሚለው ቦታ፤ የእርስዎ ትንሿ መኝታ እንደምትሆን እገምታለሁ። አንድን ክፍል ከሁለት አቅጣጫ አያስውቡ። አፑ በመጀመሪያው ፎቶ ግራጫ ሶፋ፣ በሁለተኛው ቡናማ ሶፋ ያስቀምጣል፤ ያኔ ሁሉም ነገር ውሸት ይመስላል። ኪችንና መታጠቢያ ቤት እንዳሉ ይውጡ። እዚያ ያለው ሁሉ ከቤቱ ጋር የሚቀር ነው።

ሥራውን በሦስት ዲ ሶፍትዌር ለሚሠራ ዲዛይነር እንዲሰጡት እመክራለሁ። እሱ ዕቃውን ልኩን ጠብቆ ፎቶው ላይ ይደርበዋል፤ ግድግዳውን አይነካም። አሜሪካ ውስጥ በሰው እጅ የሚሠራ አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 75 ዶላር ያስከፍላል፤ አዲስ አበባም ይህን የሚሠሩ ጎበዝ ልጆች አሉ። በዚያው የ2025 ጥናት ለስቴጂንግ ባለሙያ የሚከፈለው መካከለኛ ዋጋ 1,500 ዶላር ነበር፤ ከዚያ ጋር ያነጻጽሩት። የግድ በአፕ እሠራለሁ ካሉ ግድግዳና ወለሉን ቆልፎ የተመረጠውን ቦታ ብቻ የሚነካ ይፈልጉ።

ለዲዛይነሩ የክፍሎቹን ልክ ይስጡት፤ ማን እንደሚገዛውም ይንገሩት። ይህን ካልነገሩት ሳሎንዎ ውስጥ የእሳት ምድጃና የቡና ማሽን ያገኛሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚገዛ ቤተሰብ ሳሎን ሲያይ የሚጠይቀው እንግዳ የት ይቀመጣል፣ ቴሌቪዥኑ የቱ ጋ ይሆናል፣ ለበዓል ሰው ቢበዛ እንዴት ነው የሚል ነው። ሶፋው ግድግዳውን ይያዝ፣ መሃሉ ክፍት ይሁን። በረንዳው አጠገብ ረከቦት የሚቀመጥበት ጥግ ካለ አንድ ረከቦትና ሁለት ዝቅ ያሉ ወንበሮች ይበቃሉ። ያቺን ጥግ ያየ ሰው ቤቱን ከራሱ ኑሮ ጋር ያገናኘዋል። ኪችኑ ውስጥ የእንጀራ ምጣድ የሚቆምበት ቦታና ሶኬት ካለ በፎቶ ሳይሆን በጽሑፍ ይገለጽ፤ መጠየቁ አይቀርም።

ምልክቱ ላይ ደግሞ አደራ። «ዕቃው በኮምፒውተር የገባ ነው፤ ክፍሉ ባዶ ነው» የሚለው ቃል ከፎቶው ሥር ባለው ጽሑፍ ላይ ብቻ አይቀመጥ። ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ከአንዱ ደላላ ወደ ሌላው ሲዞር ጽሑፉ ይቀየራል፣ ዋጋው ሳይቀር ይቀየራል፤ ፎቶው ነው የሚቀረው። ስለዚህ ቃሉ ራሱ ፎቶው ላይ ይጻፍ፣ ሲቆረጥ በማይጠፋበት ቦታ። ባዶውን ክፍልና የተዋበውን ደግሞ አንድ ምስል ላይ ከላይና ከታች አድርገው ያጣብቋቸው። አንዱ ያለ ሌላው መሄድ አይችልም።

ከተዋበ ፎቶ ይልቅ ሩቅ ያለ ገዢን የሚያሳምነው ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ነው። ወንድምዎ ከሕንፃው መግቢያ ጀምሮ፣ ሊፍቱን ይዞ፣ በሩን ከፍቶ፣ ሳያቋርጥ ሁሉንም ክፍል ይዙር። ቧንቧ ይክፈት፣ ውሃው ሲወርድ ይታይ። ኮርኒሱን ያሳይ። መስኮት ከፍቶ ጅምሩን ሕንፃ ያሳይ። ሙዚቃ አያስገባበት፤ የሰፈሩ ድምፅ ይሰማ። ከዚህ ጋር ልኩ የተጻፈበት ቀላል ፕላን ይኑር። ከአይፎን 12 ፕሮ ጀምሮ ያሉት ፕሮ ስልኮች ላይዳር (ርቀት በብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ስላላቸው ክፍሉን እየዞሩ ስካን ማድረግ ይቻላል፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ልክ በሜትር ይረጋገጥ። እንደ ማተርፖርት ያለ የ3ዲ ጉብኝት ጥሩ ነው፤ ለአንድ አፓርትመንት ግን የግድ አይደለም። ብዙ ክፍል ላለው ሕንፃ ሻጭ ነው የሚያዋጣው።

ዲጂታል ሥራ የማይደርስበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ገዢው በአካል በሚቆምበት ቅጽበት ነው። ባዶ ክፍል በዓይን ሲታይ ከፎቶው ያንሳል። ለዚህ የማስተምረው ቀላል ነገር ነው። ወንድምዎ የቀለም ቀቢ ወረቀት ፕላስተር ይግዛና ወለሉ ላይ የአልጋውን፣ የቁም ሳጥኑን፣ የሶፋውን ልክ በመስመር ያውጣ። የተዋበውን ፎቶ አትሞ፣ ምልክቱ እንዳለ፣ የየክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። ሰው ፎቶውን ያያል፣ መስመሩን ያያል፣ መስመሩ ውስጥ ገብቶ ይቆማል። አንዲት እናት በመስመር የተሠራ አልጋ ዙሪያውን ቀስ ብለው ሲዞሩ አይቻለሁ፤ ጫፉን እንኳ አልረገጡትም።

ማስታወቂያው እንደገና ከመውጣቱ በፊት የውክልናው ወረቀት ይለቅ። ወንድምዎ ቤቱን ማሳየት ብቻ ሳይሆን መሸጥም እንዲችል ከተፈለገ ውክልናው መሸጥን በግልጽ መጥቀስ አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ 2205ኛ አንቀጽ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ዋሽንግተን ኤምባሲ የተረጋገጠው ሰነድ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ ማለፍ አለበት። ጊዜ ስለሚወስድ አሁኑኑ ይጀመር። ገዢ ተገኝቶ ውክልና የሚጠበቅበት ጊዜ ብዙ ሽያጭ ያፈርሳል።

ከዚያ በአሁኑ ዋጋ ያውጡት፤ 4 ሳምንት ይስጡት። አምስቱን ሰዎችም አይርሷቸው። ስልካቸው ካለ ወንድምዎ ደውሎ የቀድሞው ፎቶ ትክክል እንዳልነበር፣ ኮርኒሱ እንደተሠራ ይንገራቸውና አዲሱን ቪዲዮ ይላክላቸው። አንዱ ቢመለስ አይግረምዎት። በ4 ሳምንቱ ውስጥ የሚያየው ሰው ቁጥር ይቀንሳል፤ አይደንግጡ፣ የማይገዛው ቀድሞ ስለቀረ ነው። የሚመጡት ሁለተኛ ጊዜ መምጣት ከጀመሩ፣ ሽማግሌ ወይም መሐንዲስ ይዘው ከተመለሱ፣ መንገዱ ትክክል ነው። ቪዲዮውን አይተው፣ ልኩን አውቀው፣ መጥተውም ዝም ካሉ ግን ያኔ ነገሩ በእርግጥ ዋጋው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የተሸጠ ቤት ዋጋ እንደ አሜሪካው ስልክ ከፍቶ ማየት ስለማይቻል፣ በዚያ ሕንፃና በአጠገቡ ካሉት ቢያንስ ሦስት የማይተዋወቁ ደላሎችን ይጠይቁ። ያን ጊዜ ይቀንሱ፤ አንድ ጊዜ፣ የሚታይ ያህል።